እንግዳ ብቻ አድርገን አናስቀራቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ተሠራው ትምህርት ቤት፣ ስለ ተቆፈረው የውኃ ጉድጓድና ስለ ሠለጠነው ሰው ነው። ይህ መነገር ይገባዋል። ከአገሩ ርቆ በማያውቀው ሕዝብ መካከል ሊያገለግል የመጣ ሰው ጊዜውን እስኪፈጽም የሚያጸናው ምን እንደሆነ ግን እምብዛም ሲነሣ አላየሁም። በደሴ ከተማ ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማርሁ፣ ከውጭ ከመጡ በጎ ፈቃደኛ መምህራንም ጋር አብሬ የሠራሁ በመሆኔ፣ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት ታወጡልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው፣ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ማስተማር ጀምረዋል። ከጃፓን፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተከትለዋቸዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሰላም ጓድ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሰማራቸውን በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ሲመልስ፣ ብዙዎቹ አከራዮቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን በወጉ ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት።

ለመጤው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል ናቸው፤ ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ ይጋብዛል። ክብደቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካለርቮ ኦበርግ የተባለው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጻፈው፣ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ከመጀመሪያው የመደነቅ ጊዜ ቀጥሎ የመከፋትና የመበሳጨት ጊዜ ያገኘዋል። በእኛ ከተማ ይህ ጊዜ ከክረምቱ ጋር ሲገጥም ከባድ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ሰዓቱ እንኳ ከለመዱት በስድስት ሰዓት ይለያል። በእንዲህ ያለ ምሽት፣ ፍሬው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የሚታይ ትልቅ ዓላማ ብቻውን ሰውን አያጽናናም። የሚያጽናናው ዛሬ የተገኘ ነገር ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ላይ ያየሁትን ልናገር። በጎረቤቴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የቤቱ እመቤት ወግ አዋቂ ሴት ስለሆኑ፣ ምግቧን ሳሎን ለብቻዋ በሹካ ያቀርቡላት ነበር፤ መጥረጊያ እንኳ እንድትነካ አይፈቅዱም። ልጅቷ አመስግና ትበላና ገና በጊዜ ክፍሏን ዘግታ ትገባለች። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ታማ ስለ ነበር ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝታ እንድትመጣ ወደ ጉሊት ላኳት። ሻጯ አንድ መደብ ቲማቲም ስታነሣላት፣ ሌሎች ሴቶች ሲሉ እንደሰማችው «መርቂልኝ» አለቻት፤ ሴትየዋም ስቃ «እንቺ ልጄ» ብላ አንድ ጨመረችላት። ያችን የተመረቀችላትን ቲማቲም ከሌሎቹ ለይታ በእጇ ይዛ ገባችና በግቢው ለተቀመጥነው ሁሉ አሳየችን። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ከመጣች ጀምሮ አይቼባት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ እያለች ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ቡናው ከምጣዱ ላይ እየተንጣጣ እጇን ሳታቋርጥ ማማሰልን፣ ሽታው ሲወጣ ምጣዱን ይዞ ለተቀመጠው ሁሉ ማዞርን ተማረች። ከአቦል እስከ በረካ ትቀመጣለች፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ከአንዱ ጎን አሚን፣ ከሌላው አሜን ሲባል እሷም እጇን ዘርግታ ትቀበላለች። የወሎ ቡና ደግነቱ ይህ ነው። የቅሬው፣ ማለት የሰፈሩ ዕድር፣ ሴቶች ልቅሶ ቤት ሲሄዱ ነጠላ አልብሰው ወሰዷት፤ ምንም ሳትናገር አብራቸው ተቀምጣ ተመለሰች፤ በሰው ሐዘን ላይ መቆጠሯ ከግብዣ ሁሉ እንደበለጠባት በኋላ አጫውታኛለች። መንገድ ላይ «ፈረንጅ» እያሉ የሚከተሏት ልጆችም በስሟ መጥራት የጀመሩት በዚሁ ሰሞን ነው።

እንግዳ ማክበራችን የምኮራበት ባህል ነው፤ ማንም እንዲነካው አልሻም። ሆኖም ሁለት ዓመት የሚኖርን ሰው እንደ አንድ ቀን እንግዳ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሳናስበው፣ ከቤቱ ኑሮ ውጭ ማቆየት ነው። ደስታ የሚገኘው ደግሞ በዚያው ኑሮ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር «የመጣችው ልታስተምር እንጂ ቡና ልትቆላ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ያየሁት፣ ሰፈሩን የለመደ መምህር ተማሪውን ሲታገሥ፣ ያልለመደው ደግሞ በትንሽ ነገር ሲማረር ነው።

የእኛም ልጆች ዛሬ በሌላው አገር በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያልፋሉ። በማላዊ ገጠር በአንድ ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ነርስነት የሠራች የቀድሞ ተማሪዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በለቅሶ እንዳሳለፈች ነግራኛለች። የዳነችው፣ የአገሩ ሰው ከነጭ በቆሎ ዱቄት እንደ ገንፎ የሚያገነፋውን ንሲማ ጎረቤቷ «እስቲ አንቺ አማስዪው» ብላ የእንጨቱን ማማሰያ ስታስይዛት ነው። ትክክለኛውን ውፍረት እስክታገኝ ድረስ ክንዷ ዝሎ ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እሷም ከቤቷ የላኩላትን ቡና እየቆላች ጎረቤቶቿን ትጠራ ጀመር።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ቤት ሲፈልጉላቸው፣ በር የሚዘጋ ክፍል ስለ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ጎረቤት ስለ መኖሩም ቢጠይቁ እላለሁ። አከራዮችም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጉሊት ይላኳቸው፤ ቅሬው ሲሰበሰብም ይጥሯቸው። እናንተ አዘጋጆችም፣ ከኢትዮጵያ ወጥተው በሌላ አገር በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ ወገኖቻችን በዚያ የዕለት ኑሯቸው ምን እንዳስደሰታቸው የሚጽፉበት ዓምድ ብትከፍቱ፣ ለመሄድ ለተዘጋጁት ብዙ ይጠቅማቸዋል፤ ያቺ ነርስ ለመጻፍ ፈቃደኛ መሆኗን አረጋግጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከደሴ