የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ፎቶና ትዝታ ለማሰባሰብ ከአዳማ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አዳማ ለቢሾፍቱ ቅርብ ስለሆነች ከአየር ኃይል በጡረታ የወጡ አብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች በከተማችን ይኖራሉ። የስዊድኑ ሳብ፣ የአሜሪካኖቹ ሴበርና ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ፎቶ ያለው በእነሱ ሻንጣና አልበም ውስጥ ነው። ፎቶው ቢተርፍ እንኳ የሚያስረዳው ሰው ካለፈ ምስሉ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። እኛ የድሮ አውሮፕላን ወዳጆች ታዲያ ፎቶውን ስካን ማድረግና ባለቤቱን ማነጋገር በአንድ ጊዜ እንዲሆን ተነስተናል። የጎደለን መሣሪያ ነው።

አንድ ላይ ይሁን የምንለው መግለጫ የሌለው ፎቶ ስለሚያሳስት ነው። ጭራው ተነቅሎ ለብቻው ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሴበር ያየ ሰው «ወድቆ የተሰበረ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። የሴበሩ (ኤፍ-86) ሞተር የሚወጣው ግን የኋላው አካል በሙሉ ከተለየ በኋላ ስለሆነ፣ ፎቶው የሚያሳየው ተራ የሞተር ሥራ ነው። ክንፉ የታጠፈ ፋየርፍላይ የሚባል አውሮፕላንም አልተሰበረም፤ እንግሊዞች ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሠሩት ስለሆነ ክንፉ ይታጠፋል። ሴበርና የሶቪየቱ ሚግ-17 ሁለቱም አየር የሚስቡት በአፍንጫቸው ነውና በደበዘዘ ፎቶ ይምታታሉ። አግድም ጭራውን ይመልከቱ፤ ሚጉ ላይ በቋሚው ጭራ ወገብ ላይ ከፍ ብሎ ተተክሏል፣ ሴበሩ ላይ ዝቅ ብሎ ከአካሉ ጋር ነው። ይህን ያህሉን አይተን እንለያለን። የትኛው ክዳን አልከፈት እያለ እንደሚያስቸግር፣ ሞተሩ ሲነሳ ምን ድምፅ ሲሰሙ እንደሚጠረጥሩ የሚነግረን ግን የሠራበት ሰው ብቻ ነው።

የምንሰበስበው ዘመን ሰፊ ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን በመሩበት ጊዜ የገቡት ማሠልጠኛው ሳፊርና ቦምብ ጣዩ ሳብ ቢ-17፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የመጡት ሴበሮች፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የደረሱት ኤፍ-5ኤዎች፣ ቦምብ ጣይ ካንቤራዎቹ፣ በሶማሊያው ጦርነት ሚጎችን የገጠሙት ኤፍ-5ኢዎች ሁሉ ይካተታሉ። ቢ-17ን በተለይ እንወደዋለን፤ ቁልቁል ሲወረወር ፍጥነቱን የሚገታው የጎማ እግሮቹን ከነትልልቅ ሽፋናቸው አውርዶ ነው። እግሮቹ ወርደው እየበረረ የሚታይበት ፎቶ ካለዎት ለማረፍ እየተዘጋጀ ነው ብለው አይደምድሙ።

ፎቶ በአብዛኛው የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን አይላቅቁት፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል። ሙጫማ ገጽ ካለው አልበም የሚወጣው በጥፍር ሳይሆን የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ ቀስ እያሉ በማሳለፍ ነው። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም መበስበስ ጀምሯል፤ የሚያወጣው አሲድ ሌላውንም ስለሚያጠቃ ዛሬውኑ ለብቻው ይለዩት። ጀርባው ላይ በእስኪሪብቶ አይጻፍ፣ ምልክቱ ወደ ፊት ይወጣልና፤ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። በደርግ ጊዜ የተነሱ ብዙ የቀለም ፎቶዎች ቀልተዋል፤ አረንጓዴው የአውሮፕላን ቀለም ቡናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ባለቤቱን ሳንጠይቅ ስለ ቀለም አንመዘግብም።

አሁን የሚያስፈልገን ይህ ነው። አንደኛ፣ ክዳኑ ላይ የፊልም መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው ዓይነት አይሆነንም፤ አሮጌ ፎቶ ያጥፋል፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባችበትም ምስሉን ከላይ እስከ ታች ታሰምራለች፣ የአዳማ ነፋስ ደግሞ አቧራ አያጣም። የታተመ ፎቶ በ600፣ ኔጋቲቭ በ3200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ የነጥብ ብዛት) ይነበባል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቀለም ፎቶ በ600 ዲፒአይ ሳይጨመቅ ወደ 25 ሜጋባይት ይይዛል፣ አንድ ሺህ ፎቶ 25 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ኔጋቲቭና ድምፅ ሲጨመር 2 ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች እንፈልጋለን፤ ሁለቱ በአንድ ቤት አይቀመጡም። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ፋይሉ ስለሚበላሽ አንድ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ ለቃለ መጠይቁ አንድ የድምፅ መቅጃ፣ ለኔጋቲቭ የጥጥ ጓንት፣ አሲድ የሌለው ወረቀት ፖስታ 500 ያህል። ፌስታልና ላስቲክ አታምጡልን፤ እርጥበት አምቆ ፎቶ ያጣብቃል። አባቶችን ከቤታቸው አምጥቶ ለመመለስ የባጃጅ ሒሳብ የሚችል ሰው ቢገኝም ትልቅ እገዛ ነው።

ዕቃ ቢሰጠን እንመርጣለን፤ ያገለገለም ቢሆን ይሠራ እንጂ ችግር የለውም። በገንዘብ ለሚረዱን ደረሰኝ እንቆርጣለን፣ የተገዛበትንም ደረሰኝ ለሁሉም እናሳያለን። ፎቶ ለሚያመጡ ደግሞ ዋናው ከባለቤቱ ዓይን አይርቅም፤ ፊት ለፊት ስካን ተደርጎ ያኔውኑ ይመለሳል፣ ቅጂውም በፍላሽ ይሰጣል። የምንቀበለው ከአገልግሎት የወጡትን የድሮ አውሮፕላኖች ብቻ ነው፤ አሁን ያለ የጦር ሰፈርም ሆነ መሣሪያ የሚታይበት ፎቶ አንወስድም። ሩቅ ያላችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ስለሚጨመቅ በጭራው ላይ ያለው ቁጥር አይነበብም።