የአቴንስ አዛዦች ከጠላት ይልቅ አገራቸውን ሲፈሩ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥንት ግሪኮች ዴሞክራሲና ጦርነት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፣ እንዲህ አይነት ነገር ማውጣታችሁ ራሱ ያስመሰግናል፣ መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው በአጭሩ ያሉት አቴንስ በፔሎፖኔዝ ጦርነት በስፓርታ የተሸነፈችው የጦርነትን ጉዳይ ምንም ለማይገባው ሕዝብ ስለሰጠች ነው፣ ስፓርታ ያሸነፈችው ደግሞ ዲሲፕሊን ስለነበራት ነው። ይሄ አባባል ብዙ ቦታ ይሰማል፣ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን ነገሩ እንደዛ አይደለም።

መጀመሪያ ነገር ያ አይገባውም የተባለው ሕዝብ ማነው? የአቴንስ ዜጎች ጉባኤ በሚካሄድበት ፕኒክስ ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ እጁን እያወጣ እንዝመት ወይ አንዝመት የሚለው ሰው እኮ ነገ መርከቡ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፈው ራሱ ነው። ትራይሪም የሚባለው የጦር መርከብ አንዱ ብቻ 170 ቀዛፊ ይፈልጋል፣ ከነዚህ ውስጥ ብዙው መሬት የሌለው ድሃ ዜጋ ነበር። በ480 (ዓመቶቹ በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው) ሳላሚስ ላይ ፋርሶችን ያሸነፈው መርከብ የተሠራው እንዴት እንደሆነ ጸሐፊው አላነሱትም፣ ላውሪዮን በሚባለው የአቴንስ ማዕድን ማውጫ ላይ ብር ሲገኝ ለየዜጋው ይከፋፈል ተብሎ ነበር፣ ቴሚስቶክልስ የሚባል መሪ ተነስቶ የለም መርከብ እንሥራበት አለ፣ ጉባኤውም እሺ አለ። ኪሱ ሊገባ የነበረውን ገንዘብ ትቶ መርከብ ይሠራ ብሎ የወሰነን ሕዝብ አይገባውም ማለት ይከብዳል። (ሴቶች፣ ባሮችና ከውጭ የመጡ ነዋሪዎች እዛ ጉባኤ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፣ እሱን ጸሐፊው በትክክል ጽፈውታል።)

እኔ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። አቴናውያን ዳኛውንም የምክር ቤት አባሉንም በዕጣ ሲያወጡ የጦር አዛዦቹን ግን በየዓመቱ 10 እያረጉ በድምፅ ነበር የሚመርጡት፣ ዘመቻው ካልተሳካ ደግሞ ይጠየቃሉ። ታዋቂው መሪ ፔሪክልስ 15 ዓመት በተከታታይ ተመርጦ እንኳን በ430 አውርደው ገንዘብ ቀጥተውታል፣ ብዙም ሳይቆዩ መልሰው መረጡት። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነው። ጤናው የታጣው አዛዡ ጦር ሜዳ ላይ ሆኖ ከፊቱ ያለውን ጠላት ትቶ አገር ቤት የሚጠብቀውን ፍርድ ማሰላት የጀመረ ጊዜ ነው።

የጦር አዛዡን ኒክያስን እዩት። በ415 ወደ ሲሲሊ እንዝመት ሲባል እሱ ተቃዋሚ ነበር፣ አይሆንም ብሎ ሲያቅተው ይፈሩ ይሆናል ብሎ ከሄድን ይሄን ያህል መርከብ ይሄን ያህል ወታደር ያስፈልገናል እያለ አጋነነው፣ ሰዉ ጭራሽ ተደሰተና የጠየቀውን ሁሉ ሰጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄኔ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲራኩስ በምትባለው የሲሲሊ ከተማ ነገሩ ሲበላሽ አብሮት ያለው አዛዥ ዴሞስቴኔስ እንውጣ አለ፣ ኒክያስ እምቢ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ዛሬ አውጡን እያሉ የሚጮሁት እነዚሁ ወታደሮች አገር ቤት ሲገቡ አዛዦቹ ጉቦ በልተው ነው የወጡት ብለው ይከሱናል፣ በራሴ ሰዎች በግፍ ከምሞት በጠላት እጅ ብሞት ይሻለኛል ነው ያለው። በኋላ እሺ ብሎ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ የጨረቃ ግርዶሽ ሆነ፣ ጠንቋዮቹ 27 ቀን ቆዩ አሉ፣ ቆዩ፣ አለቁ። ከ7,000 ያላነሰ ምርኮኛ ሲራኩስ ድንጋይ መፍለጫ ውስጥ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ እየተፈራረቀበት ታጎረ፣ እሱንም ገደሉት።

ፈሪ ስለነበረ ነው ትሉ ይሆናል። ታዲያ ከ7 ዓመት በኋላ የሆነውን ስሙ። በ406 አርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ አቴናውያን የስፓርታን ባሕር ኃይል አሸነፉ፣ ያውም ሰው ስላጠራቸው ባሮችን ሳይቀር አሳፍረው፣ ለነሱም ነፃነት ሰጥተዋቸዋል። ግን 25 መርከብ አጡ፣ ማዕበል ተነሳና ውሃው ላይ የቀሩትን ማውጣት አልተቻለም። ካሸነፉት 8 አዛዦች ሁለቱ ነገሩ ስለገባቸው ነው መሰለኝ አልተመለሱም፣ 6ቱ መጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ማዕበሉ ሲያስረዱ ሰዉ ሊቀበላቸው ነበር፣ ግን መሽቶ የተነሳው እጅ አልታይ ስላለ ለሌላ ቀን ተባለ። በመሀል የቤተሰብ በዓል ደረሰ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጥቁር የለበሱና ፀጉራቸውን የተላጩ ሰዎች ገቡ፣ አንዱ ደግሞ በዱቄት በርሜል ተንሳፍፌ ነው የተረፍኩት፣ እየሰመጡ የነበሩት ሰዎች፣ አዛዦቹ እንዳላዳኑን ለሕዝቡ ንገርልን ብለውኛል አለ። ካሊክሴኖስ የሚባል ሰው ስድስቱም ባንድ ድምፅ ይፈረድባቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይሄ ሕገወጥ ነው የሚል ክስ ሲነሳ ሰዉ ሕዝብ የፈለገውን እንዳያደርግ መከልከል ነውር ነው ብሎ ጮኸ፣ ክሱን ያነሱትም ካልተዉት ከአዛዦቹ ጋር አብረው ይፈረድባቸዋል ተባለ፣ ተዉት። በዕጣ ደርሷቸው ስብሰባውን ይመሩ ከነበሩት ውስጥ አልቀበልም ብሎ የጸናው ሶቅራጥስ ብቻ ነበር። በየተራ ይዳኙ የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያው ቆጠራ አልፎ ሁሉ ነበር፣ ተቃውሞ ተነስቶ ድጋሚ ድምፅ ሲሰጥ ወደቀ። 6ቱም ተገደሉ፣ አንደኛው የፔሪክልስ ልጅ ነው። ቆይተው ተጸጽተው ካሊክሴኖስን ራሱን ከሰሱት።

አሁን ይሄን ከ427ቱ ጋር አስተያዩት። ያኔ ሚቲሊኒ የምትባል ከተማ አቴንስ ላይ ስላመፀች ወንዶቿ በሙሉ ይገደሉ ተብሎ ተወስኖ ትዕዛዙን የያዘ መርከብ ከሄደ በኋላ በማግስቱ ያው ሕዝብ እንደገና እንነጋገር አለ፣ ተነጋገረ፣ በጠባብ ልዩነት ሻረው፣ ሁለተኛው መርከብ ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የታሸ የገብስ ዱቄት እየበሉ እየቀዘፉ በተራ እየተኙ ለጥቂት ደረሰ። ያው ሕዝብ፣ ያው ጉባኤ። ልዩነቱ በ427 የሚቃወመው ሰው ሳይፈራ መናገር መቻሉ ነው፣ በ406 ግን አፉን አዘጉት። እና ጸሐፊው ሕዝብ መወሰኑን ከሚወቅሱ ይሄን ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ደግሞ አቴናውያን ዋዣቃ ናቸው እያለ ያወረሰን ማነው? የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ነው፣ እሱም ራሱ አዛዥ ሆኖ አምፊፖሊስ የምትባል ከተማ ከእጁ ስለወጣች 20 ዓመት የተሰደደ ሰው ነው። ትልቅ ጸሐፊ ነው፣ አልክድም፣ ግን የተቀጣ ሰው ስለቀጪው ሲጽፍ ትንሽ ጠርጠር ማድረግ ነው።

የስፓርታ ዲሲፕሊን የተባለውም እንዲሁ ነው። ስፓርታም ንጉሧን ፕሌይስቶአናክስን ጉቦ በልተህ ነው ከአቲካ (ከአቴንስ አካባቢ) የተመለስከው ብላ አሰድዳዋለች። በባሕር ያሸነፈችውም የፋርሱ ልዑል ቂሮስ ለቀዛፊ ደሞዝ ገንዘብ ስላፈሰሰላት ነው። አቴንስ በበኩሏ ልምድ ያላቸውን ገድላ በ405 አይጎስፖታሞይ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ ስትሰለፍ የቀድሞ አዛዥዋ አልሲቢያደስ መጥቶ የቆማችሁበት ቦታ ወደብ የለውም ቢላቸው አዛዦቹ አሁን የምናዘው እኛ ነን ብለው መለሱት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መርከቦቹ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ተያዙ።

ስለ ስፓርታ ቀጣይ ክፍል ይወጣል ብላችኋል። እባካችሁ ሄሎቶቹን (ስፓርታ የምትገዛቸውን ገባሮች) እንዳትዘሏቸው፣ ዲሲፕሊን ለተባለው ነገር መሬቱን የሚያርሱት እነሱ ነበሩ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ