ስለ ኦድሪ ሄፕበርን ለፊልም ክበባችን አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንወያየው በ1929 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ስለተወለደችው ተዋናይት ስለ ኦድሪ ሄፕበርን ነው። በ«ሮማን ሆሊዴይ» ፊልም ኦስካር ስትሸለም ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ስለ ውበቷና ስለ አለባበሷ ግን ብዙ የተባለ በመሆኑ እዚያ ላይ ባንቆይ እንመርጣለን። ለእኛ ይበልጥ የሚያመዝነው፣ በጀርመን ጦር በተያዘችው ሆላንድ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት የደረሰበትን ረሃብ በልጅነቷ የቀመሰችው ይህች ሴት፣ በ1988 ከዩኒሴፍ ጋር የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋን ወደ አገራችን አድርጋ በመቀሌ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ መጎብኘቷ ነው። የመጨረሻ ፊልሟ በ1989 ከታየ በኋላም ጉዞዋን ቀጥላ፣ ከማረፏ አራት ወር ገደማ በፊት ሶማሊያ ደርሳለች። ስለዚህ «ሮማን ሆሊዴይ»ን አስቀድማችሁ አይታችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የክበቡ አስተባባሪዎች