መድኃኒቱ ድሬ አልገባም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በቅርቡ የመስማት ችግር በመድኃኒት ሊቀር ነው ያላችሁበትን ዜና አንብበው አንድ የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ቤቴ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸውን ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «መምህር፣ መድኃኒቱ ድሬ መቼ ይገባል?» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው። ጡረታ እስክወጣ ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር መልሱ ከእኔ አይጠፋም ብለው ነው።

የሚገባ መድኃኒት የለም። ዜናችሁ የዘለለውን ልናገር።

ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል የተደረደሩ ፀጉራማ ህዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ ቢበዛ 16,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። የሚፈጠሩት ገና በማህፀን ሳለን ነው፤ አቶህ-1 የተባለው ዘረመል የነቃበት ህዋስ ፀጉራማ ይሆንና ጎረቤቶቹን «እናንተ አትሁኑ» የሚል ምልክት ይሰጣቸዋል። እነሱም ደጋፊ ህዋስ ሆነው ይቀራሉ። ከተወለድን በኋላ በኃይለኛ ድምፅ ወይም በሌላ ምክንያት የሞተ አይተካም።

ዶሮ ግን ትተካለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ተመራማሪዎች በኃይለኛ ድምፅ የተጎዱ ጫጩቶችና ድርጭቶች ፀጉራማ ህዋሳትን እንደገና እንደሚያበቅሉ አሳዩ። ደጋፊዎቹ ይከፈላሉ ወይም ራሳቸው ይለወጣሉ። (ዶሮ ወጥ ስንበላ የኖርን ሰዎች በዶሮ መቅናታችን ነው።) በዚያው አቆጣጠር በ2013 ደግሞ ያንኑ «አትሁኑ» የሚል ምልክት የሚያፍን መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ በድምፅ የደነቆሩ አይጦች ጥቂት አዳዲስ ህዋሳት አበቀሉ፤ መስማታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ።

ዜናችሁ እዚህ ላይ ቆመ። በሌላ መንገድ ደጋፊ ህዋሳትን ለመቀስቀስ በሰው ጆሮ የተሞከረው ኤፍኤክስ-322 የተባለ መድኃኒት ግን በ2023 መድኃኒት ከሌለበት መርፌ የተሻለ ውጤት አላሳየም፤ የሠራው ኩባንያም ተወው። አንባቢ ይህን ማወቅ አልነበረበትም?

ብየዳ ቤቶቻችንን እዩ፤ ዓይን በጥቁር መነጽር ይሸፈናል፣ ጆሮ ግን ባዶውን ነው። ሰርግ ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ሞንታርቦ ሥር ይቀመጣሉ። ጄንታማይሲንን የመሰሉ ፀረ-ባክቴሪያ መርፌዎችም እነዚህኑ ህዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ ሐኪም ሳያዝ የሚወጋ ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው። በሰፊው የሚጻፍ ካለ ይህ ነው።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ሙከራው በአይጥ ይሁን በሰው፣ እባካችሁ ርዕሱ ላይ አስቀምጡልን።

ጡረተኛ መምህር፣ ከድሬዳዋ