አባባ፣ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ይዘው ይምጡ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ አራት ኪሎ ሰሞኑን ከሰዓት ከሰዓት ያካፋል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ ንጣፉ አምሮ ሰፈሩ እንግዳ ሆኖብኛል። ሲመጡ ያዩታል።

የምጽፍልዎ ልጄንም ራሴንም ስላስመዘገብኩበት ጂም በስልክ የጀመርነው ወሬ ስላላለቀ ነው። ስልክ ላይ እርስዎ ይስቃሉ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። "ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይለፋል እንዴ?" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "ልጅቷን እርግጫ ነው የምታስተምሪያት?" አሉኝ። ሁለቱንም እመልሳለሁ። ከዚያ አንድ የራሴ ጉዳይ አለኝ።

መጀመሪያ የልጅቷን ልንገርዎ። ጂሙ ያለው ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከሥሩ መድኃኒት ቤትና ጁስ ቤት አለ። አዳራሹ አንድ ነው፤ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ የስፖንጅ ምንጣፍ እየተጋጠመ ተነጥፏል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ልጆቹ ገና ሲገቡ እጅ ይነሳሉ፤ ሲወጡም እንደዚሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ሰሞን የተማረችው እርግጫ አልነበረም። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ተራ መጠበቅና ሲጠሩ አቤት ማለት ነበር። ይህን እኔ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ለምኜ ያጣሁት ነው።

የምትማረው ቴኳንዶ ነው። የቻይና አይደለም፣ የኮሪያ ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱት አጎትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጆች ሰብስበው በኮሪያኛ ሲያስቆጥሩን ትዝ ይልዎታል? "ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት" እያሉ? የልጅ ልጅዎ ዛሬ ያንኑ እየቆጠረች ነው የምትራገጠው። እሳቸው በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ ሲሄዱ ስፖርቱ ቴኳንዶ የሚለውን ስም ገና አላገኘም ነበር። አሁን ግን ከሲድኒ ኦሎምፒክ፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ውድድር ነው። ቶኪዮ ላይ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ሰለሞን ደምሴ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ስለዚህ የመንደር ድብድብ አድርገው አይዩት። በውድድሩ ሕግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ከወገብ በታች መምታትም ክልክል ነው። ደረትና ጭንቅላት መከላከያ ይለበስላቸዋል።

"ሴት ልጅ ናት እኮ" ያሉትንም ሰምቻለሁ፤ አልፌዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታክሲ ተራው ላይ የሚገፋፋትን ጎረምሳ ዓይን ዓይኑን አይታ "ዞር በል!" ስትለው ቢያዩ እርስዎም ያልፉት ነበር። ድምፁ ከሆዷ ነው የወጣው። አሰልጣኙ ሲመቱ ጩኹ የሚላቸው ለካ በከንቱ አይደለም።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ ቀበቶ። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲሉ ፈተና አለ፤ ለእያንዳንዱ ፈተና ይከፈላል። በየወሩ ቀበቶ የሚቀይር ቤት ካዩ እሱ የሚሸጠው ጨርቅ ነው። የእኛው አሰልጣኝ በዚህ ቆጣቢ ነው። ልጅቷን አንዴ "ገና ነሽ" ብሎ መልሷታል። አለቀሰች፣ እኔ ግን ደስ አለኝ።

አሁን ወደ እኔ። ስንት እንደምከፍል አልነግርዎትም፤ ቢሰሙ ደም ግፊትዎ ይነሳል። ግን አባባ፣ እርስዎ መቼ ስፖርት መሥራት አስፈልጎዎት ያውቃል? ትምህርት ቤት በእግር ሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዘው ቆመው፣ ማታ በእግር ይመለሱ ነበር። ቅዳሜ እንጨት ይፈልጣሉ። የእኔን ቀን ይዩት። በታክሲ እሄዳለሁ፣ በሊፍት እወጣለሁ፣ እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እመለሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። የእኔ ኑሮ አሥሩንም አይሰጠኝም። እርስዎ በነፃ ያገኙትን ነው እኔ የምገዛው።

ደግሞም ልፋት ብቻ አይደለም፤ ጭፈራ ነው። ማታ ልጆቹ ሲወጡ ሴቶቹ እንገባለን። ኤሮቢክስ ይጀመራል፤ ሰውነት ሲሟሟቅ አሠልጣኟ የጉራጌ ዘፈን ትለቃለች። የጉራጌ ጭፈራ ሠርግ ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ዘፈን ሙሉ ጉልበትዎን እያነሱ ይሞክሩት፣ ልብዎ አፍዎ ላይ ትደርሳለች! እስክስታው ደግሞ ለእኔ ለኮምፒውተር ትከሻ መድኃኒት ሆኖልኛል። ልኩን የምናውቅበት ዘዴ አለን። እየሠራን ማውራት ከቻልንና መዝፈን ካቃተን መካከለኛ ነው። ማውራትም ካቃተን ከባድ ነው። ከኋላዬ የሚሠሩ አንዲት እትዬ አሉ፤ ምንም ቢከብድ ወሬ አያቋርጡም። እሳቸው ላይ ዘዴው አይሠራም።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው እያልኩዎ አይደለም። በፊት የነበርኩበት ቦታ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ አሰልጣኙ ስልኩን እየነካካ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ፑሽ አፕ ያዛል። ወገቤን አመመኝ ስለው "ስትለምጂ ይለቅሻል" አለኝ። ከዚያ የዱቄት ፕሮቲን ሊሸጥልኝ ሞከረ። ትቼው ወጣሁ። የአሁኑ መጀመሪያ የጠየቀኝ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የቆየ ጉዳት ካለብኝ ነው። ጂም ስመርጥ እኔ የማየው ይህንን ነው፤ ማሽኑን አይደለም።

አሁን የራሴን ጉዳይ ላምጣው። ወንድሜ የስቅለት ዕለት የሆነውን ነግሮኛል። እንዳይቆጡት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ሲሰግዱ ከወለሉ መነሳት አቅቶዎት ሁለት ሰው ደግፎ አነሳዎት አለኝ። እርስዎ ለእኔ በስልክ "ጾሙ ነው ያደከመኝ" አሉኝ። ጾሙም ይሆናል። ግን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበሩ ላይ ነው የሚውሉት። ጭን ካልሠራ ይሰልላል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሰልለው። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ከጭን የሄደው ጉልበት ግን በሥራ ይመለሳል፤ በሰባና በሰማንያ ዓመትም ይመለሳል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በዚያው አዳራሽ የትልልቅ ሰዎች ክፍል አለ። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቁጭ ብዬ አየሁት። እርግጫ የለም፣ ዝላይ የለም። መጀመሪያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ሳይደገፉ ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ተረከዝን ከጣት ፊት እያስቀመጡ በመስመር ይሄዳሉ። ግድግዳ ይዘው በአንድ እግር ይቆማሉ። ከልጆቹ ቴኳንዶ አንዳንዱን በዝግታ ይሠሩታል፤ ቻይኖች ታይ ቺ የሚሉት ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፣ የእነዚህም ዓላማ ያው ነው። ለእርስዎ ዕድሜ የሚመከረው ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ ክፍሉም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው።

መጨረሻ ላይ ያየሁት ነው ልቤን የነካው። ከወለል መነሳት ይለማመዳሉ። አንድ ነጭ ፂም ያላቸው ሰውዬ ምንጣፉ ላይ ተኙ። ወደ ጎን ዞሩ። በክርናቸው ተደግፈው በእጅና በጉልበታቸው ቆሙ። አንድ እግራቸውን ወደ ፊት አመጡ፤ መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው ተነሱ። ጊዜ ወሰደባቸው። አሰልጣኙ አጠገባቸው ቆሞ አልነካቸውም። ሲነሱ ነጠላቸውን አስተካክለው "ድገመኝ" አሉት።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የሰኔ ሚካኤልን እዚያው ያክብሩና በማግስቱ ይምጡ፤ ክረምቱን እኛ ጋ ይቆዩ። ከመሥራትዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ወስጄ አስመረምርዎታለሁ። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ይቆማል፤ ጀግንነት አያስፈልግም። እንዲያውም እርስዎ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ነው የሚወርዱት፤ የእኛ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ነው። ከቆላ እንደሚመጡት እንግዶች ትንፋሽ አያጥርዎትም። መስቀል አደባባይ ግን እንዳይሄዱብኝ። እዚያ ደረጃ የሚሮጡት ወጣቶች ናቸው፤ መውረዱ ለእርስዎ ጉልበት አይሆንም።

ሰፊ ሱሪና ጎማ ሶል ያለው ጫማ ይያዙ፤ ያቺ የቆዳ ሶሏ የመንገዱ ንጣፍ ላይ ታንሸራትታለች። ላምበረት መናኸሪያ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ስለ ክፍያው አይጨነቁ፤ የመጀመሪያውን ወር ከፍያለሁ፣ ገንዘቡም አይመለስም። እማዬም አብራ ትምጣ። እሷን በማታው የጭፈራ ክፍል አስመዝግቤያታለሁ፤ ነገርኳት፣ "ምን ልልበስ?" ነው ያለችኝ።

ልጅዎ
አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ