ላክቴቱ «ኖርማል» ነው ተብሎ የሆድ ሕመምተኛ አይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአገራችን አንጀትን ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ተጠምዝዞ ደም የተቋረጠበትና ኦክስጅን ያጣ አንጀት ግሉኮስን እስከ መጨረሻው ማቃጠል ስለማይችል ላክቴት ላይ ይቆማል፤ በደም ውስጥ የምንለካውም እሱን ነው። በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ኖርማል ይባላል፣ ከ4 በላይ ያስደነግጣል። አደጋው ያለው ግን ከ2 በታች የሚል ወረቀት አይቶ «አንጀቱ ደህና ነው» ማለቱ ላይ ነው።

አንጀት ሲጠመዘዝ ቀድሞ የሚታነቀው ግድግዳው ስስ የሆነው ደም መላሽ ሥር ነው። ላክቴቱ እዚያው ታግቶ ይቀራል። ያመለጠውንም ጉበት ተቀብሎ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል፤ ክንድ ላይ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ስለዚህ ሆዱ የተነፋና ትርታው የፈጠነ፣ ሲዳሰስ ከሚገኘው ይልቅ ሕመሙ የበረታበት ሰው 1.8 ቢነበብለትም ቀዶ ሐኪም ሳያየው አይሂድ። ምርመራውም ከ2 ሰዓት በኋላ ይደገም፤ ይህ ግን ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

ቁጥሩ በሐሰት የሚያሻቅብበት ጊዜም አለ። የከፋው ሪንገር ላክቴት የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ከሚንጠባጠብበት ክንድ ደም መቅዳት ነው፤ ፈሳሹ ራሱ በሊትር 28 ሚሊሞል ላክቴት ይዟል! ጎማ አስሮ «ጨብጥ፣ ዘርጋ» ማለትም ጡንቻውን ላክቴት ያስመርተዋል። ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ማይቶኮንድሪያ (በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨው የሴል ክፍል) ስለሌላቸው ቱቦው ውስጥም ላክቴት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ግራጫ ክዳን ያለው፣ ሶዲየም ፍሎራይድ የያዘ ቱቦ ይህን ያግዳል፤ 8 ጊዜ ያህል በቀስታ ይገልበጥ እንጂ አይናጥ። ፍሎራይድ የግሉኮስን መቀነስ ለማስቆም ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ላክቴትን ግን የሚያግደው ግሉኮስ ወደ ላክቴት በሚለወጥበት ሂደት መጨረሻ አካባቢ ባለው ኢኖሌዝ በተባለ ኢንዛይም ላይ ስለሆነ ቶሎ ይገታዋል። ቱቦው ከሌለ ናሙናው በረዶ ላይ ይሁንና ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሴሎቹ ይለይ።

አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ሲፈታ የታገተው ላክቴት ስለሚለቀቅ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ቢል አይግረማችሁ። በተከታታይ መለኪያ አልወርድ ካለ፣ ላክቴትን ከፍ የሚያደርጉ ሌሎች ምክንያቶች፣ ማለትም አድሬናሊን፣ ሜትፎርሚን (የስኳር ሕመም መድኃኒት) ወይም የጉበት ሕመም አለመኖራቸው ተጣርቶ፣ ሆዱን በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ዳግም ከፍቶ ማየት ይታሰብ።

የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ክንድ ይጻፍ።

በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በክሊኒካል ኬሚስትሪ የምንሠራ ባለሙያዎች