ሥሩ ታች የትኛው እንደሆነ በምን አወቀ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማማሽ? እኛ ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ደጃችን ድረስ ይገባል። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። እናትሽ በርበሬ ልካልሻለች።

በስልክ ያነሳሽው ጥያቄ እስካሁን ያብሰለስለኛል። ዘር ሲበተን አንዱ በጎኑ፣ አንዱ ተገልብጦ ይወድቃል፤ ታዲያ ሥሩ ሁሌ ወደ ታች የሚሄደው እንዴት ነው? አስተማሪሽ «የመሬት ስበት ነው» ብለው አለፉ አልሽኝ። ልክ ናቸው። ግን ስበት ድንጋዩንም ይስባል፤ ሥሩ በምን አወቀ ነው ነገሩ።

ቶማስ ናይት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1806 በውሃ ኃይል የሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ የባቄላ ዘር አሰረ። መንኮራኩሩ በደቂቃ ከ150 ጊዜ በላይ ይዞር ነበር። ሥሮቹ መሬቱን ረስተው ወደ ውጭ፣ ሽክርክሪቱ ወደሚገፋቸው አቅጣጫ አደጉ። ቡቃያዎቹ ደግሞ ወደ መሃል። እርጥበት ወይም ጨለማ ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ።

ምስጢሩ የሥሩ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉን የሚሸፍን ቆብ አለ። በቆቡ መሃል ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ የጀበና አተላ እንደሚዘቅጠው እነሱም ይዘቅጣሉ። ሥሩ ከተጋደመ በደቂቃዎች ውስጥ ተንሸራተው አሁን ታች በሆነው ጎን ያርፋሉ። ከዚያ ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን በታችኛው ጎን ይበዛል። ኦክሲን ሥር ላይ ሲበዛ እድገት ያዘገያል። ታችኛው ጎን ሲንቀራፈፍ ላይኛው ይረዝማል፣ ሥሩም ቁልቁል ይታጠፋል። ግንድ ላይ ግን ያው ኦክሲን እድገቱን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ግንዱ ሽቅብ ይቀናል። የጦሳ ባሕር ዛፍ ያን ሁሉ ተዳፋት ላይ በቅሎ ቀጥ የሚለው ወዶ አይደለም።

እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። የሚያውቀውና የሚታጠፈው ቦታ አንድ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር (አባትና ልጅ፣ ልክ እንደ እኛ!) እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተሙትን ስሚ። የባቄላ ሥር ጫፍ ቆርጠው አጋደሙት። ማደጉን ቀጠለ፤ መታጠፉን ግን ተወው። መጀመሪያ አጋድመው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተው ሲቆርጡትስ? ጫፉ ሳይኖር ታጠፈ! መልእክቱ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው።

አንቺም ሞክሪው። አክስትሽ ለበቆልት ከምትነክረው ባቄላ ትንሽ ውሰጂ። ነጩ ሥር ብቅ ብሎ የጣት አንጓ ያህል ሲሆን፣ እርጥብ ሶፍት በጠቀለልሽበት ብርጭቆ ግድግዳ ላይ አጋድመሽ አጣብቂው። ከግማሾቹ ጫፋቸውን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል በምላጭ ቁረጪ። ጣትሽን አደራ! በማግስቱ ያልተቆረጡት ታጥፈው ታገኛቸዋለሽ። የተቆረጡትንም ቶሎ አትጣያቸው፤ ከቀናት በኋላ ቆባቸውን መልሰው ያበቅሉና እነሱም ወደ ታች ይዞራሉ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ «ባቄላዬን ጨረሽብኝ» ካለችሽ በእኔ አሳብቢ፤ ሰኞ ገበያ ስወጣ እተካላታለሁ።

አባትሽ